የአክስቴ የፀዳለ የጀርመን ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ቢከን ሂል ባቡር ጣቢያ ሊፍት ውስጥ ከአንዲት የሥራ ልብስ ከለበሰች ሴትዮ ጋር ተገጣጠምኩ። ጣቢያው ከመሬት በታች በጣም ጥልቅ ስለሆነ ሰው የሚወጣው የሚወርደው በሊፍት ነው፤ የአንዱ ሽታ የሁሉም ነው። ሴትዮዋ ጉልበቷን የመንቶል ቅባት ተቀብታ ኖሮ፣ በሩ ገና ከመዘጋቱ አንድ ወጣት አፍንጫውን በሹራቡ ሸፈነ። እኔ ግን ሳብ አድርጌ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ባቡሩ መጥቶ ሲሄድ እንኳ አልተሳፈርኩም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አክስቴን ፀዳለን አሰብኩ፤ አስቤም አፈርኩ።

አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ በተቃረበበት ክረምት ቤታችን በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚሸተው። "ክረምት" ያልኩት በእናቴ አፍ ነው። ሲያትል ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሣሩ ሁሉ ይደርቃል። እናቴ ግን ፀሐይ አናቷን እየበሳት "ዘንድሮ ክረምቱ ከረረ" ትላለች። እሷን ማረም ትርፉ ድካም ነው።

አክስቴ ፀዳለ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። በዚያ ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዲቪ ደርሷት ከአዲስ አበባ መጣችና ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተጋራች። ከመምጣቷ በፊት እናቴ ስለ እሷ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ሰርከስ ትሠራ ነበር" አለችኝ፤ ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስለ ሰው ሕመም እንደሚወራ ነበር። እኔ ሰርከስ ሲባል የሚታየኝ ዝሆን ስለነበረ፣ አየር ማረፊያ ስንቀበላት ከአንዲት ትንሽ ሻንጣ በስተቀር ምንም ይዛ አለመምጣቷ በጣም ቅር አሰኘኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ወለሉ ላይ ፎጣ አንጥፋ በደረቷ ተኝታለች። እግሮቿ ግን ከኋላዋ ተነሥተው፣ በአናቷ ላይ አልፈው፣ ከፊቷ ግራና ቀኝ መሬት ረግጠዋል። በዚያው እንዳለች ቀና ብላ፣

"ደህና አደርሽ ማሂ? ቁርስ ምን ልሥራልሽ?" አለችኝ።

ጮኼ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ዞር እንኳ ሳትል "ልማዷ ነው፤ ተያት" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ አጥንት የላትም ብዬ አመንኩ። ምክንያቱን ያገኘችልኝ ደግሞ ሐያት ናት። ሐያት ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት የጋሽ ከማል ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያው ቢከን ሂል ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። በዓመት ስለምትበልጠኝ ሁሉን ነገር በእርግጠኝነት ነበር የምትናገረው።

"አቼቶ ጠጥታ ነው። የዶሮ አጥንት አቼቶ ውስጥ ሲቀመጥ ይለሰልሳል። ሳይንስ ክላስ ላይ ሠርተነዋል፤ አይ ስዌር" አለችኝ።

ከአባቷ ሱቅ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ይዛ መጣችና ቀድተን ጠጣን። እሷ አንዴ ተጎንጭታ ተፋችው። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ግማሽ ኩባያ ጨረስኩ። ከሰዓቱን በሙሉ ሆዴን ይዤ ስንከባለል አክስቴ ምክንያቱን ጠየቀችኝና ነገርኳት። አልሳቀችም። እጄን ይዛ ክርኗን፣ የትከሻዋን ጫፍ፣ የጉልበቷን ሎሚ አስነካችኝ።

"ይኸው አጥንት። ልክ እንዳንቺው። እኔ ያለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ መዘርጋት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ሲያመኝ ደግሞ ቅባት እቀባለሁ።"

የአንድ ትልቅ ሰው ሰውነት እንደሚያመው ከዚያ በፊት ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ሥራ ያገኘችው አየር ማረፊያ፣ አውሮፕላን ውስጥ ማጽዳት ነበር። ጠዋት ቡሪየን ከምትኖር አንዲት ሴት ጋር በመኪና ትሄዳለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ወንበር ሥር የገባ ነገር ሲኖር የሚጠሩት እሷን ነው አሉ፤ ታጥፋ ገብታ የልጅ ጫማም፣ የጆሮ ጌጥም ይዛ ትወጣለች። አለቃዋ በጣም ይገረማል። ይህን ስትነግረን ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አያልፍም ነበር።

እውነተኛ ሳቋን ያየሁት መናፈሻው ውስጥ ነው። ከሺፍት ስትመለስ ልብሷን ቀይራ እኔንና ሐያትን ይዛን ትወጣለች። ከአጥሩ ጥግ ጥቁር የዱር እንጆሪ ነበር፤ እጃችን እስኪበልዝ እየለቀምን እንበላለን፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ታስተምረናለች ብለን እንጠብቃለን። እሷ ግን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስተማረችን መውደቅ ብቻ ነው። ወደ ፊት መውደቅ፣ ወደ ጎን መውደቅ፣ በትከሻ ተንከባልሎ መነሣት። "መውደቅ የማያውቅ ልጅ ከመሬት እግሩን አያነሣም" ትላለች። ከዚያ ወደ ኋላ ታጥፈን ድልድይ ስንሠራ የቀኝ እጇ ከወገባችን ሥር አይጠፋም ነበር። አትነካንም፤ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። የሌሎች ቤተሰቦች ልጆችም አይተው መጡና በሐምሌ አጋማሽ ዘጠኝ ሆንን።

አክስቴ አንድ ነገር አሰበች። ለእሑድ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የሚከራይ አዳራሽ ነበር። እዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ቢሰጧት፣ ለእንቁጣጣሽ ልጆቹን በመድረክ ላይ ብታሳይ፣ ከዚያም ትምህርቱ ቢቀጥል። ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ።

"እኔ ይሄን ሥራ ካልሠራሁ ሰው አልመስልም፣ እህቴ። ወንበር ሥር እየተጣጠፍኩ መሞት አልፈልግም።"

እናቴ "ኦኬ፣ ጋሽ ጌታሁንን ኮል አደርጋለሁ" አለች።

ጋሽ ጌታሁን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። የአየር ማረፊያ ሸትል ይነዳሉ፤ ደግ ሰው ናቸው፤ ማንንም ፊት ለፊት እንቢ ብለው አያውቁም። የሚፈለገውን ነገሩን፦ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማያውቁት ሰው አይሰጡም፤ ሶ ከሠራችበት ቦታ የምስክር ወረቀት ካላት ይዛ ትምጣ።

አክስቴ ወረቀት ነበራት። ከሻንጣዋ ሥር በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተቀመጠ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ አወጣች። ጀርመን አገር ድንኳን እየተከለ ከከተማ ከተማ የሚዞር ትንሽ የቤተሰብ ሰርከስ ነበር፤ እዚያ ሦስት ዓመት ሠርታ ስትወጣ ባለቤቱ የጻፈላት ነው። ለእናቴ አልሰጠቻትም፤ ለእኔ ሰጠችኝ።

"ማሂ ታንብብልኝ። የቤቱ አፍ እሷ አይደለች?"

እውነቷን ነው። በዚያን ጊዜ የቤታችን አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። ፖስታ ሳጥን ውስጥ የተገኘ ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ የመብራቱ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የኢንሹራንሱ። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነባለሁ፤ የማላውቀው ቃል ሲመጣ እዘለዋለሁ ወይም እፈጥራለሁ። አንድ ጊዜ ሐኪም ቤት እናቴ "ጨጓራዬን ያቃጥለኛል በያት" ብትለኝ፣ ጨጓራን በእንግሊዝኛ ስለማላውቀው "እናቴ ውስጥ እሳት አለ" ብዬ ለዶክተሯ ነገርኳት። ዶክተሯ ገብቷት መድኃኒቱን ሰጠችን። እናቴም "ልጄ የማትፈታው ነገር የለም" እያለች ለአገር ምድሩ አወራች። እኔም አመንኳት። "አላውቅም" የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ።

ስለዚህ የአክስቴን ደብዳቤ ሳየው እንግሊዝኛ እንዳልሆነ ወዲያው ቢገባኝም አልተናገርኩም። ለእናቴ የፈረንጅ ፊደል ሁሉ አንድ ነው። አክስቴ ራሷ ታነበው ይሆን ወይ ብዬ አንዴም አልጠየቅኩም፤ እናቴ አሜሪካ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ደብዳቤ አታነብም ነበርና፣ ትልቅ ሰው በሰው አገር ሲኖር እንደዚያ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዤ ላይብረሪ ሄድኩ። እዚያ አንዲት ነጭ ፀጉር፣ ትልቅ መነጽር ያላት ሠራተኛ ነበረች። ወረቀቱን አይታ ፊቷ በራ። ልጅነቷን ያሳለፈችው ጀርመን አገር ነው።

"ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። ቁጭ በይ" አለችኝ።

ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አብራኝ ተቀመጠች። መጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ አንድ ረጅም ቃል ነበር፤ የአክስቴ የሥራ ስም። "ሽላንገንሜንሽ" ብላ አነበበችልኝ።

"ጀርመኖች ሁለት ቃል ሰፍተው አንድ ያደርጋሉ። ስፌቱን ካገኘሽው ትተረትሪዋለሽ" አለችና በእርሳስ ከሥሩ አሰመረች። ሽላንገ አንድ መስመር፣ ሜንሽ አንድ መስመር፤ መሐል ላይ ያለችውን "ን" ከበበቻት። "ይቺ ክሩ ናት።"

ከዚያ ሽላንገ እባብ፣ ሜንሽ ሰው ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ እስክሪብቶዬን ስዘጋ እጄን ያዝ አደረገችው።

"እዚህ ላይ አታቁሚ።"

ይህን ማለቷን በደንብ አስታውሳለሁ። ሄዳ የቃላትን ዘር የሚቆጥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ አመጣች። እባብ ለጀርመኖች ስሙን ያገኘው መጠምጠም ከሚል የጥንት ግሥ ነው። መጠምጠሙ ቀድሞ ነበረ፤ እባቡ በኋላ በእሱ ተጠራ። ሜንሽም ድሮ ራሱን የቻለ ስም አልነበረም፤ "የሰው የሆነ" እንደ ማለት ነበር። ቃሉ በሙሉ ሲጠቃለል ሰውነቷን እንደ ፈለገች የምታጣጥፍ፣ የምትጠመጥም ሰው ማለት ነው።

"እኔ ልጅ ሳለሁ ሰርከስ ሲመጣ እናቴን የምጠይቃት 'ሽላንገንሜንሽ አለች ወይ?' ብዬ ነው። ከሌለች አልሄድም እል ነበር" አለችኝ።

ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ቀሪውንም ደብዳቤ ቃል በቃል አወጣነው። ታጋሽ ናት ይላል። ሰዓት አክባሪ ናት። ሁለቱን ልጆቼን አስተምራለች፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ልጅ ከእጇ ወድቆ አያውቅም። ልጆች ያላችሁ ሁሉ ያለ ሥጋት ስጧት። ሁለት ገጽ ሞላሁ። ትንሽ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላትም ተዋስኩና፣ በዓለም ላይ እንደኔ ያለ አስተርጓሚ የለም እያልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ያ ደብተር እንደ ነበረ ቢነበብ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ስብሰባው እሑድ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ለእንቁጣጣሽ የምናሳየውን አከፋፈለችን። ዘጠኛችን ተደራርበን እንቆማለን፤ ከሁሉ በላይ አንዲት ልጅ በሁለት እጇ ቆማ እግሯን ወደ ኋላ ታጥፋለች። ያቺ ልጅ እኔ እንደምሆን ተጠራጥሬ አላውቅም። አክስትነቷ ለእኔ፣ ክፍሌን ያጋራኋት እኔ፣ አቼቶውን የጠጣሁት እኔ! አክስቴ ሐያትን መረጠች።

"አንቺ የሥር ሰው ነሽ፣ ማሂዬ። ሥር የሚቆመው ካልጠና ላይኛዋ ትሰበራለች። ሥር የማቆመው በጣም የማምነውን ነው" አለችኝ።

እኔ የሰማሁት ወፍራም ነሽ፣ ደረቅ ነሽ ነው። ሐያት ላይ ወጥታ እግሯን ስታጥፍ አክስቴ አጨበጨበች፤ "የኔ ወፍ!" አለቻት። የሐያት ተረከዝ ትከሻዬ ላይ ነበር። እዚያ ሥር ሆኜ ቅናት እንዴት እንደሚያንቅ አወቅሁ። ዛሬ ልጅነት ነው ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ግን ልጅ ብሆንም የማደርገውን አውቅ ነበር።

እሑድ ዕለት ከትምህርት በኋላ ወላጆች ታጣፊ ወንበራቸውን ክብ አድርገው ተቀመጡ። አክስቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ጉልበቷን ገጥማ ተቀምጣለች። እማማ የሺ ከአክስቴ ፊት ለፊት ነበሩ። ከማውንትሌክ ቴራስ ልጃቸው እየነዳ ነው የሚያመጣቸው፤ በዕድሜ ከሁሉም ስለሚበልጡ እሳቸው ያልወደዱት ነገር አይሆንም። ጋሽ ከማል ከኋላ ቆመዋል። ሐያት ከአክስቴ አጠገብ ተጠግታ፣ የአክስቴን ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች።

ጥያቄዎቹ ከባድ አልነበሩም። አጥንታቸው ቢሰበርስ? ኢንሹራንስስ? ሴቶቹ ልጆች ምን ይለብሳሉ? አክስቴ ለእያንዳንዱ በጨዋ ደንብ መለሰች፤ ረጅም ሱሪ፣ ፍራሽ፣ መጀመሪያ መውደቅ። አንድ ሁለት እናቶች ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አየሁ። ጋሽ ጌታሁን ፈገግ አሉ።

"እንግዲህ ምስክሯ ይነበብና እንጨርስ። ማህሌት፣ ነይ የኔ ልጅ፤ ጎበዝ።"

ተነሣሁ። ደብተሬን ገለጥኩ።

"ፀዳለ ከእኛ ጋር ሦስት ዓመት በሽላንገንሜንሽነት ሠርታለች" ብዬ አነበብኩ።

"ምን ማለት ነው እሱ?" አሉ እማማ የሺ።

ሁለት ገጽ ነበረኝ። መልሱ እዚያው ከሥር ተጽፎ ነበር፤ እርሳሱ፣ ክሩ፣ መጠምጠሙ። ቀና ስል ሐያት የአክስቴን ሻርፕ ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ነው።

"ሽላንገን እባብ፣ ሜንሽ ሰው። እባብ ሰው ማለት ነው" አልኩ።

እማማ የሺ "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። ከኋላ ጋሽ ከማል "አስተግፊሩላህ" ሲሉ ሰማሁ። አንዲት እናት ልጇን በእጇ ወደ ራሷ ሳበቻት። ጋሽ ጌታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እሺ... ሌላስ? የቀረው ምን ይላል?"

"የቀረውም እንደዚሁ ነው" ብዬ ደብተሩን ዘጋሁት።

አክስቴ አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ አየችኝና አንገቷን ደፋች፤ የወረቀቷን ፕላስቲክ በመዳፏ ታለሰልሰው ጀመር። ዝም ማለቷን ሳይ፣ የተባለውን እውነት መስሏት ነው ብዬ ተነፈስኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ያን ጊዜ አፋፉ አልታየኝም።

"እስቲ እንየው" አሉ ጋሽ ጌታሁን።

በእኛ ዘንድ "እስቲ እንየው" ማለት "አይሆንም" ማለት መሆኑን ልጅም ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት መናፈሻው ውስጥ ስድስት ነበርን፤ ቀጥሎ ሦስት። አንዱ እግር ኳስ ጀመርኩ አለ፤ የአንዷ እናት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አላት አለች። ሐያት በደረጃው ስንገናኝ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። "ማይ ዳድ ሴድ ኖ" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ አቼቶም ስለ ሌላም አውርተን አናውቅም። የላይኛዋ ስትወርድ እኔ የምወጣ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ እኔና አክስቴ ብቻችንን ሣሩ ላይ ቀረን፤ እሷም "ዛሬ ደክሞኛል" ብላ ተኛች፤ በማግስቱም ደከማት።

እናቴ ተናደደች፤ የተናደደችው ግን በአክስቴ ላይ ነበር። "ምን የመሰለ ወረቀት ነው ይዘሽ የመጣሽው? እኔ እዚህ ከሰው ጋር ነው የምኖረው!" ስትላት በግድግዳ ሰማሁ። አክስቴ የመለሰችው አልተሰማኝም። ነሐሴ ሲገባ ሚኒሶታ አንዲት ጓደኛዋ መጋዘን ውስጥ ሥራ እንዳገኘችላት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደምትሄድ ነገረችን።

የመዝገበ ቃላቱ ቀን ስላለፈ ላይብረሪ መመለስ ነበረብኝ። አክስቴ "አብሬሽ ልሂድ፤ ልናፈስ" አለች። እንቢ የምልበት ሰበብ አጣሁ።

ባለ መነጽሯ ሴትዮ ገና ከሩቅ ስታየን ተነሣች። እኔን እንዴት ሆነ ብላ ሳትጨርስ ዓይኗ አክስቴ ላይ አረፈ፤ ማን እንደሆነች ገባትና በጀርመንኛ ሰላም አለቻት።

አክስቴ መለሰችላት። በጀርመንኛ። አንድ ሁለት ቃል አይደለም፤ እየፈጠነች፣ እጇን እያወራጨች፣ መናፈሻው ውስጥ ብቻ የማውቀውን ሳቅ እየሳቀች። ረጅም ጊዜ አወሩ። እኔ መዝገበ ቃላቱን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሴትዮዋ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣

"አክስትሽ በሰው ፊት በጣም ጥሩ አድርገሽ እንዳነበብሽ ነገረችኝ። ኮራሁብሽ" አለች።

መንገድ ላይ ሁለት የትራፊክ መብራት ካለፍን በኋላ ጠየቅኳት።

"ጀርመንኛ ትችያለሽ?"

"ሦስት ዓመት እንጀራዬን በልቼበታለሁ እኮ።"

"ታዲያ ለምን ለእኔ ሰጠሽኝ?"

ቆመች፤ የእውነት ገርሟት።

"የራሴን ምስጋና በራሴ አፍ ላንብብ? ነውር አይደል እንዴ! ሰው ምስክሩን የሚያሰማው በሌላ ሰው አፍ ነው። ካንቺ የሚቀርብ አፍ ማን አለኝ?"

"ሶ... ያልኩትን ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ። ያላልሽውንም ሰምቻለሁ።"

አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ ግን እጄን አልለቀቀችም።

"ለምን ዝም አልሽ? ውሸቷን ነው ማለት ትችዪ ነበር።"

"ከዚያ በኋላስ? አንድ አዳራሽ ሰው ማህሌት ውሸት ታስተረጉማለች ቢል፣ እናትሽ ነገ ሐኪም ቤት በማን አፍ ትናገራለች? እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ሌላ ቦታ እሠራለሁ።" ትንሽ ሄደችና ሳቅ አለች። "በእማማ የሺም አልፈርድ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ግን 'የምትጠመጠም' ብትያቸው ኖሮ የቄስ ጥምጥም ትዝ ይላቸውና ይመርቁኝ ነበር።"

እኔ አልሳቅሁም። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

"የምሄደው ከሁለት እሑድ በኋላ ነው። ደብተሩ ያንቺ ነው፤ ሰዎቹም እዚያው ናቸው። አላስገድድሽም።"

ለእናቴ አልነገረችም። ከዚያ በኋላም ነገሩን አንሥታብኝ አታውቅም።

የመጀመሪያው እሑድ ሆዴን አመመኝ አልኩና ቤት ቀረሁ። አክስቴ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ትኩሳት እንደሌለኝ እያወቀች "ተኚ በቃ" አለችኝ።

በሁለተኛው እሑድ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ትምህርቱ አልቆ ሰው ሻይ ሊጠጣ ተነሥቷል። ጋሽ ጌታሁን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ድፎ ዳቦ እየቆረሱ ነበር፤ እማማ የሺ ከጎናቸው፣ ጋሽ ከማልም እዚያው ሻይ ይዘው። ሁሉም በአንድ ቦታ፤ እንደዚያ የተመቸ ቀን አይገኝም። መጀመሪያ የምለውን ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼዋለሁ። አዳራሹን አቋርጬ ስሄድ አክስቴ ከበሩ አጠገብ ከወንበሯ ስትነሣ አየኋት። ኮቷን ይዛለች፤ አትራመድም፤ ቆማ ብቻ ታየኛለች።

ጋሽ ጌታሁን ቢላዋቸውን አቁመው ጎንበስ አሉ።

"አቤት የኔ ልጅ? ምን ልትነግሪኝ ነው?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፌን ከፈትኩ።

"ጋሼ፣ ዳቦ ተርፏል?"

ደስ አላቸው። "ላንቺማ አይጠፋም!" ብለው ትልቁን ቆርሰው ሰጡኝ። ዞር ስል አክስቴ ተመልሳ ተቀምጣ ነበር። እዚያው ፊታቸው ቆሜ፣ ደብተሩን በብብቴ እንደያዝኩ፣ ዳቦውን ጨርሼ በላሁት።